ፊደል የሚያግድ ጥበቃ

በአፋን ኦሮሞ ላም «ሰአ»፣ ፍየል «ሬኤ»፣ ቀዬ «ቀኤ» ነው። ሦስቱም በቁቤ ሲጻፉ መሃላቸው ላይ ሁዻ የምትባል ምልክት አለች፤ መልኳ ከነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ጋር አንድ ነው። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የኦሮምኛ ይፋዊ ፊደል ነው፤ በአርሲም ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበት፣ ቢሮው ደብዳቤ የሚጽፍበት እሱ ነው። እንግዲህ የአርሲዋ ኦጎልቾ አካባቢ አርሶ አደር ስለ ላሙና ስለ ፍየሉ በድረ ገጽ ፎርም ጽፎ ሲልክ «403» የሚል ባዶ ገጽ ወይም «ያልተፈቀደ ምልክት አስገብተዋል» የሚል መልስ ቢመጣበት ጥፋቱ ምንድን ነው? ቋንቋውን አስተካክሎ መጻፉ ብቻ ነው።

ብዙ ድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን ክልከላ «ሴኪዩሪቲ» ይሉታል። እኔ ስንፍና እለዋለሁ።

ፍርሃታቸው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ነጠላ ጥቅስ የጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ማሳያ ናት። ፕሮግራመሩ ሰው የጻፈውን እንዳለ ከራሱ ትእዛዝ ጋር ካጣበቀው፣ አጥቂ በዚያች ጥቅስ ጽሑፉን ዘግቶ የራሱን ትእዛዝ ያስከትላል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለውን ይህን ጥቃት ጄፍ ፎሪስታል «ፍራክ» በተባለ መጽሔት ላይ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በጋራ ሆስቲንግ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር ስለሚጋሩ አከራዩ ቢሰጋ አይፈረድበትም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የመረብ ደህንነት ተቋሙ ኢንሳ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ያደረጉትን የጥቃት ሙከራ ይፋ ማድረጉም ይታወሳል። አደጋው እውነት ነው።

ግን መድኃኒቱም የቆየ ነው። ፕሪፔርድ ስቴትመንት በሚባለው አሠራር ትእዛዙ ክፍት ቦታ ተትቶለት ቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሰውዬው የጻፈው ለብቻው ይከተላል። ያኔ ሁዻ ሁዻ ሆና ትቀራለች፤ ትእዛዝ ልትሆን አትችልም። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች ፒዲኦ የሚባለው መሣሪያ ይህን አሠራር ካቀረበላቸው ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ! ፒኤችፒ ራሱ በአንድ ወቅት በእያንዳንዱ ጥቅስ ፊት በራሱ ጊዜ ምልክት ይጨምር ነበር፤ ጽሑፍ ከማበላሸት በቀር አስተማማኝ ጥበቃ እንዳልሆነ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 5.4 ስሪቱ ላይ ጨርሶ ተወገደ። የዚያ አሠራር ባለቤቶች የጣሉትን እኛ አንስተን ይዘናል።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ይኸው ሁዻን ያገደ እጅ ሲፓነል በሚባለው የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ውስጥ ለድረ ገጹ የዳታቤዝ አካውንት «ኦል ፕሪቪሌጅስ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎበት ማለፉ ነው። ጥቆማ የሚቀበል ፎርም መዝገብ ማስገባትና ማንበብ ይበቃዋል። ሙሉ ሠንጠረዥ የመደምሰስ ሥልጣን ለምን ተሰጠው? አከራዩ የፋይል ፈቃድ ቢነፍግ፣ 3306 የሚባለውን የዳታቤዝ በር ከውጭ ቢዘጋ፣ የአንድ ደንበኛ ኪውሪ ሰርቨሩን እንዳያንቀው ገደብ ቢያበጅ፣ አንዱ ደንበኛ የሌላውን ዳታቤዝ እንዳያይ ቢያደርግ እደግፋለሁ። እነዚህ የፕሮግራሙን ሥልጣን ይገድባሉ። ፊደል ማገድ የሚገድበው ባለጉዳዩን ነው። ወደ ድረ ገጹ የሚገባውን የሚያጣራው ፋየርዎል ትክክለኛ ጽሑፍ ሲመልስም «ለድረ ገጹ በሙሉ አጥፉት» ብሎ መምከር መፍትሔ አይደለም፤ የተሳሳተውን አንድ ደንብ ለይቶ ማስተካከል ይቻላል።

«ሁዻዋን ትተው ይጻፉ» የሚሉም አሉ። ሁዻ የትርጉም አካል ናት። በቁቤ «ሰፊ» የሚለው ቃል ሁዻው ሲነቀል «አደጋ» የሚለው ቃል ይሆናል። ሰፊ መሬት ያለው ሰው በመዝገብ ላይ ምን ሆኖ እንደሚቀር አስቡት። አንዱ ሠራተኛ ሁዻውን ትቶ፣ ሌላው በስልኩ ኪቦርድ ጠምዛዛውን ጥቅስ ተጠቅሞ ሲያስገባ ደግሞ ያው ስም በፍለጋ አይገናኝም። ጠምዛዛውንም ቀጥታውንም ሲገቡ ወደ አንድ መልክ ማምጣት የፕሮግራመሩ ሥራ ነው።

ነገሩ የኦሮምኛ ብቻ አይደለም፤ ኦብራይን የሚባሉ አየርላንዳውያንም በላቲን ሲጻፍ ይህችው ምልክት ያለችበት ስማቸው በፎርም ሲመለስባቸው ኖረዋል። እኛም አማርኛ ጸሐፊዎች ጽሑፋችን የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ሲመጣ አይተናል፤ ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2018ቱ 8.0 ስሪት ድረስ ካልነገሩት በስተቀር የላቲን ፊደልን ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ያን ጊዜ «በእንግሊዝኛ ጻፉ» ስንባል የተሰማንን መርሳት የለብንም።

ስለዚህ ድረ ገጽ የምታሠሩ ማኅበራት፣ ዩኒየኖች፣ ትምህርት ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ፎርሙን ክፈቱና ላምን፣ ፍየልን፣ ቀዬን ከነሁዻቸው በቁቤ ጽፋችሁ ላኩ። የድረ ገጹ የዳታቤዝ አካውንት ምን ምን ሥልጣን እንዳለውም በጽሑፍ ጠይቁ። ፎርሙ ቃላቱን ከመለሰ ወይም አካውንቱ ሁሉ የተፈቀደለት ከሆነ ሥራውን አትረከቡ።