ከጥቁር ሰሌዳ እስከ መስቀል አደባባይ

መምህር ፖለቲካ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ክርክር በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ ይነሣል። «መምህር ጠመኔውን ይዞ ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። እኛ ግን ነገሩን በአንድ ሰው ታሪክ ብናየው ይሻላል እንላለን፤ እኒህም የምጣኔ ሀብት መምህር የነበሩት ብርሃኑ ነጋ ናቸው።

በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጠየቀው ብዙ አልነበረም፤ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የታገደው የተማሪዎች ጋዜጣ ይመለስ አለ። ዶክተር ብርሃኑና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በግቢው ተገኝተው ስለ መብት ተናገሩ። መልሱ ዱላና ጥይት ሆነ፤ በሚያዝያ ወር በከተማው ከሠላሳ በላይ ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 30 ቀንም ሁለቱ መምህራን ተማሪ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ።

ልክ በአራት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ መስቀል አደባባይ በቅንጅት ደጋፊዎች ተጥለቀለቀ። በሳምንቱ በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አገኘ፤ ብርሃኑም ለከንቲባነት ታጩ። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም። በ1998 ታስረው በሐምሌ 1999 ተፈቱ። ከዚያ በኋላ ስደት፣ የትጥቅ ትግል፣ በሌሉበት የተፈረደ የሞት ፍርድ መጣ። በ2010 መጨረሻ ወደ አገር ተመለሱ፤ በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ።

ጠመንጃ ማንሣታቸውንም ሆነ ሹመት መቀበላቸውን በሚመለከት በመካከላችን አንድ ሐሳብ የለም፤ መኖርም የለበትም። ኩረጃን ለማስቀረት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ መደረጉን ደግ ሥራ እንላለን። በ2015 ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። እውነቱ መራራ ቢሆንም መነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ወደቀ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማን አስተማረው፣ በምን መጽሐፍ፣ በምን ደመወዝ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

መምህር ከክፍል ወጥቶ አደባባይ መቆሙ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ከአደባባይ ወደ ቢሮ ሲገባ ክፍሉን መርሳት ነው። በ1993 የተነሡት ጥያቄዎች፣ ማለትም ነጻ ማኅበር፣ ያልታገደ ጋዜጣ፣ የጦር መሣሪያ የሌለበት ግቢ፣ ያኔ ለተቃዋሚ መምህር ልክ ከነበሩ ዛሬም ለሚኒስትር ልክ ናቸው። ሚዛኑ አንድ ነው። የሚመዝኑት ደግሞ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው፤ ሚዛኑን ከእጃችን አንጣል።