የአትክልት ስፍራ፦ ድርብ ቱሊፕን ስለ መትከል

ተራው ቱሊፕ ስድስት የአበባ ቅጠል ብቻ አለው። ዛሬ የምንጽፍለት ድርቡ ቱሊፕ ግን ቅጠሉ በቅጠል ላይ ተደራርቦ ጽጌረዳን የሚመስል፥ ከብዙዎቹ ወገኖቹም ዘግይቶ የሚያብብ ነው። ነጩ ማውንት ታኮማ፥ ፈዛዛ ሮዝ የሆነው አንጀሊክ፥ ጥቁር ቀይ የሆነው አንክል ቶም የዚህ ወገን ናቸው።

ቱሊፕ የሆላንድ ተወላጅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የትውልድ ስፍራው ግን የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው፤ በቱርኮች ዘንድ ተወዶ ከኖረ በኋላ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ካሮሉስ ክሉሲዩስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1593 ዓ.ም. በላይደን ከተማ ተከለው። ከዚያም ፍቅሩ እየባሰ ሄዶ፥ ያንዳንዱ ራስ ዋጋ ከሠራተኛ የዓመት ደመወዝ በላይ ሆነ፤ በ1637 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ግን ገዢ ጠፋና ዋጋው በድንገት ወደቀ። (ራስ የምንለው ሽንኩርት የሚመስለውን ሥሩን ነው።)

በደጋ አገራችንም ገንዘቡን በዚሁ አበባ የሚያጠፋ ሰው አይታጣም። ራሱን ከውጭ አስመጥቶ ይተክላል፤ ቅጠል ይወጣል፥ አበባው ግን ከቅጠሉ መካከል ሳይነሣ ደርቆ ይቀራል። ጥፋቱ ያፈሩ አይደለም። የቱሊፕ አገዳ የሚረዝመው ራሱ ብዙ ሳምንት የቆየ ብርድ ሲያገኝ ነው። በአዲስ አበባና በአሥመራ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃልና፥ ያ ብርድ አይገኝም። ስለዚህ ብርዱን የምንሰጠው እኛ ነን።

ራሱ በመስከረም ወር እንደ ደረሰ፥ ጠንካራውንና ሻጋታ የሌለበትን መርጦ በተበሳሳ የወረቀት ከረጢት ማኖር፥ ከዚያም በማቀዝቀዣ ውስጥ በ5 ዲግሪ ያህል ከ12 እስከ 14 ሳምንት ማቆየት ያስፈልጋል። በረዶ በሚሠራበት ክፍል ግን አይቀመጥም። ፖምና ሙዝ የመሳሰለ ብስል ፍሬም አጠገቡ አይኑር፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ በራሱ ውስጥ የተዘጋጀውን እንቡጥ ይገድለዋልና። በከረጢቱም ላይ ስሙን መጻፍ ይገባል። የወጥ ሽንኩርት መስሎት የሚከትፈው ሰው ቢኖር፥ ምግቡ የበላውን ያሳምማል። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. መካከል በነበረው የረኃብ ክረምት የሆላንድ ሰዎች የቱሊፕ ራስ በልተዋል፤ የበሉትም ሌላ ምግብ ስላጡ ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ፥ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ባለው ጕድጓድ መትከል ነው፤ በአንዱና በሌላው መካከል 12 ሳንቲሜትር ያህል ይተዋል። ውኃ የሚቋጥር መረሬ አፈር ራሱን ያበሰብሰዋልና፥ አሸዋና የበሰለ ፍግ ይቀላቀልበት። የጧት ፀሐይ የሚያገኝ፥ በቀትር ጥላ የሚያርፍበት ስፍራ ይሻለዋል። የድርብ ቱሊፕ አበባ ከባድ ነው፤ ነፋስና ዝናም አገዳውን ይሰብሩታልና ግድግዳ ወይም አጥር ይጠለል።

አበባው ሲረግፍ ጫፉን ቈርጦ ቅጠሉን እስኪቢጫ ድረስ መተው ደንብ ነው። የተተከለው ራስ በዓመቱ ውስጥ ያልቃል፤ በስፍራው ሌላ ራስ ይተካል፤ ይህንንም ተተኪ የሚመግበው ቅጠሉ ነው። ነገር ግን በእኛ አየር ተተኪው እንደ እናቱ ሆኖ ማበቡ የማይታመን ስለ ሆነ፥ ድርብ ቱሊፕን የሚወድ ሰው በየዓመቱ አዲስ ራስ እንደሚገዛ አስቦ ይጀምር።

ስለዚህ ባለ ደመወዙ ወዳጃችን መደብ ሙሉ ከሚያዝ፥ ስድስት ራስ ብቻ ገዝቶ በአንድ ሰፊ ማሰሮ በደጃፉ ቢተክል እንመክራለን። የቀረውን መደብ ለዳልያ ይተውለት፤ ዳልያ የደጋውን አየር ትወዳለች፥ ማቀዝቀዣም አትጠይቅም። ስድስቱ ካበቡለት ለከርሞ አሥራ ሁለት ያዝዛል፤ ባያብቡለትም ኪሱ ብዙ አይጎዳም።