ችግኙ ተቆጠረ፤ ተራራውን ማን ይጠብቀው?

ሐምሌ ሲገባ የከላላና የመካነ ሰላም ተዳፋት በሰው ይሞላል። ተማሪው፣ ገበሬው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ችግኝ ተሸክሞ ይወጣል። ፎቶ ይነሳል፤ ቁጥሩ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይላካል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ከብቱ በዚያው መንገድ ይወጣል። እሱን የሚቆጥር የለም።

ይህ ሲነሳ የተዘጋጀ መልስ አለ፦ ልማት ጠል! መትከልን ግን ማንም አልተቃወመም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም ከ560 ሚሊዮን አለፈ ተባለ። የጽድቀት መጠንም በአገር ደረጃ በመቶኛ ይነገራል። ለከላላ ገበሬ የሚጠቅመው ግን የራሱ ተዳፋት ሒሳብ ነው፤ ስንት ተተከለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላስ ስንቱ ቆሟል?

በቁጥር መታለል የኢትዮጵያ ብቻ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካኖች ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አሮጌ ጎማ ባሕር ውስጥ ጣሉ። ዓሣ የሚራባበት ኮራል ይበቅልበታል ብለው ነው። ማሰሪያው ዝጎ ተበጠሰ፤ ጎማው በማዕበል እየተንከባለለ አጠገቡ የነበረውን የተፈጥሮ ኮራል ቀጠቀጠ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ጠላቂዎች ጎማ ለቀማ ገቡ። ዛሬ ከሲሚንቶ የሚሠራው የኮራል ማደሪያ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ኮራሉን ያነጣው የባሕር ሙቀት ካልቀነሰ አዲሱም ይነጣል። ገዳዩ ሳይነካ ቤት ብቻ ተሠራ ማለት ነው።

የተዳፋቱ ገዳይ ልቅ ግጦሽና ቁልቁለት ማረስ ነው። ወሎ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠርቷል፣ ተራራ ተከልሏል፣ ደን ለምቷል። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ግን ብዙው ተመነጠረ፤ የመነጠሩትም አብዛኞቹ የተከሉት ሰዎች ናቸው። ሞኝነት አልነበረም። ከብታቸው የተባረረበት ተራራ የመንግሥት እንጂ የእነሱ ሆኖ አያውቅም። በስንዴ የተሠራ እርከን ስንዴው ሲቀር ጠባቂ አጣ።

በአንጻሩ የመንዝን ጓሳ ተመልከቱ። የአገሬው ሰው በቄሮ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን ሲከልልና በጊዜው ሲከፍት ኖረ። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ጓሳው ሲደርስ ለቤት ክዳን ታጭዶ ለባለመብቱ ይከፈላል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሆኖም ኅብረተሰቡ መልሶ ጥበቃ አቆመ። ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አለ። ያቆየው የችግኝ ዘመቻ አይደለም።

መካነ ሰላምም ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እምብርት የሆነው ደንቆሮ ጫካ ጎረቤቷ ነው (ስሙ ደንቆሮ ይሁን እንጂ ስለ ደን ከብዙ ሪፖርት ይልቅ ያውቃል)። አስታው፣ ጅብራው፣ ጭላዳው ያለ አጨብጫቢ ኖረዋል። ለተራቆተው ተዳፋት የአገር በቀል ዘር የሚገኘው ከእንዲህ ያለ ደን ነው። የሚቃጠለውንና የሚመነጠረውን ነባር ደን ትቶ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ቁጥር መሽቀዳደም የፍሎሪዳውን ጎማ መድገም ነው።

ስለዚህ የዘመቻው በጀት ይገልበጥ። ከቲሸርቱና ከመኪናው ነዳጅ ተቀንሶ ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ ይዋል። የተከለለው ተዳፋት ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት አጠገቡ ለሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች በጽሑፍ ይሰጥ፤ ከብት የሌላት አሮጊት እንኳ ድርሻዋን ሸጣ እንድትጠቀም። በመጪው ሐምሌም አዲስ ችግኝ ከመጫኑ በፊት በ2015 የተተከለበት ተዳፋት ሽማግሌዎች ባሉበት ይቆጠር፤ ውጤቱም ቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ።