ከባሕር ማዶ የመጣ ቴሌቪዥን በሰበታ መብራት

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥርጭቱን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ መሣሪያው ራሱ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ዘመን ከጥቂት ቤቶች በቀር አይገኝም ነበር፤ ዛሬ ግን በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተሰቅሎ እናየዋለን። ይህን የምንጽፈው መስፋፋቱን ለማመስገንም ሆነ ለመንቀፍ አይደለም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ከውጭ የተገዛ ቴሌቪዥን መሞከር ያለበት በተገዛበት ሱቅ ብቻ ሳይሆን በሚያርፍበት ቤት፣ በዚያው ቤት መብራትና በዚያው ቤት ዲሽ ነው። ለዚህም ሥራ የዩኒቨርስቲው ተማሪ ይፈለጋል።

በመጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ እናስብ። ብዙ ጊዜ ገዢዋ በቤይሩት፣ በጅዳ ወይም በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅታችን ናት። አለዚያም በአሜሪካ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ አጎት ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ፤ የመርካቶም ነጋዴ ዋጋውን አብሮ ሰቀለ። በዚህ ምክንያት ቤተ ሰብ «እዚህ ከምንገዛ ከዚያው ላኪልን» ማለቱ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን የተላከው ዕቃ የአንዲት ልጅ የብዙ ወር ደመወዝ መሆኑን የማይረሳ ሰው፣ ሶኬቱን ከመሰካቱ በፊት አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል።

ምን ይያል? ከመሣሪያው ጀርባ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ትታይ። በእርሷ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከተጻፈ በመብራታችን ይሠራል፤ የቀረው የገመዱን ራስ ከግድግዳችን ሶኬት ጋር የሚያስማማ ርካሽ አዳፕተር ብቻ ነው። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን መሣሪያው ለአሜሪካ ቤት የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲያው በአዳፕተር ቢሰኩት ይቃጠላል። አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ እንጂ ኃይሉን አይለውጥም፤ ይህን ልዩነት የማያውቅ ሻጭ ብዙ ነው። ጠጋኞች ፓወር ሰፕላይ የሚሉት ክፍል የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ወደ ቀጥታ ኃይል ሲለውጠው 220 ቮልቱ ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል፤ ለ120 ቮልት ተብለው የተገጠሙት ማጠራቀሚያዎች ደግሞ ይህን አይችሉም። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም በጀርባው ከተጻፈው ዋት በላይ የሚሸከም መሆን አለበት። ኸርዙን ትራንስፎርመር አይለውጠውም፤ ሆኖም የዛሬዎቹ ቴሌቪዥኖች በ50 ኸርዝ ብዙ አይቸገሩም። ከዱባይና ከቻይና የሚመጣው በኃይል በኩል ለእኛ ይስማማል። ሳውዲ ዓረቢያ ግን ለረዥም ዘመን በቤቶችዋ 127 ቮልት ስትጠቀም የኖረች አገር ስለሆነች፣ ከዚያ የመጣን አሮጌ ዕቃ ወረቀቱን ሳያነቡ መሰካት አይገባም።

ባለፈው ክረምት በቡራዩ ከሚኖሩት ጓደኞቻችን በአንዱ ቤት የሆነውን ብንነግራችሁ ጉዳዩ ይበልጥ ይገለጣል። እኅቱ በሰው እጅ የላከችው ቴሌቪዥን ደረሰ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ቡና ተፈላ። በአዳፕተር ተሰካ፤ አንዲት «ጧ» የምትል ድምፅና የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያም ጸጥታ። እናትየዋ በማግሥቱ ስልክ ሲደወልላቸው ለልጃቸው «በጣም ያምራል፤ እያየን ነው፤ ተባረኪ» አሏት። መሣሪያው እስከ ዛሬ የዳንቴል ልብስ ለብሶ በኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ ልጅቱ ሁለተኛ ለአክስትዋ ልትልክ ስትነሣ ምን ሊሉ ነው?

ኃይሉ ቢስማማም ነገሩ ገና አላለቀም። ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው የሥርጭት ዓይነት አለ። በድሮው ዘመን አሜሪካ ሥዕሉን በ525 መሥመር ስታሰራጭ እኛ በ625 መሥመር ስለነበርን፣ ከዚያ የመጣ መሣሪያ ሥዕሉ እየተንከባለለ ድምፁም አልሰማ እያለ ያስቸግር ነበር። ዛሬም መልኩ ተለወጠ እንጂ ችግሩ አልጠፋም፤ የአሜሪካው መሣሪያ ኤ.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚባለውን ሥርጭት ሲቀበል አገራችን ግን የመረጠችው ዲ.ቪ.ቢ. ቲ 2 የሚባለውን ነው። ስለዚህ የአሜሪካውን ቴሌቪዥን በአንቴና አገራችንን አሳየኝ ቢሉት አያሳይም። ደግነቱ በእነዚህ በሦስቱ ከተሞች ብዙው ሰው የሚያየው በዲሽ ነው። በተለይ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነች ተራራ የሚጋርደውን የአንቴና ሞገድ ከመጠበቅ ሰማዩን ማየት ይቀላታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት የአገራችን ጣቢያዎች በምሥራቅ በኩል በ57 ዲግሪ ካለው ሳተላይት ይሰራጫሉ። ዲሹን ከሪሲቨር፣ ሪሲቨሩን በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ከቴሌቪዥኑ ማገናኘት ይበቃል። ለአሜሪካ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ግን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመጣውን ሥዕል አንቀበልም ይላሉ፤ ያን ጊዜ ጠጋኝ ከመጥራት በፊት በሪሲቨሩ ማስተካከያ ገብቶ 60 ማድረግ ነው። በዚህ በአንዲት ቁጥር ምክንያት «ተበላሽቷል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ቴሌቪዥን እናውቃለን፤ የገዛው ሰው እስከ አሁን ደስ ብሎት ያያል!

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤቱ መብራት ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ ጋር እየተያያዙ አድገው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆነዋል። ቤቱ ከመሥመሩ ፈጥኖ ስላደገ በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት፣ በአንድ ቀጭን ሽቦ ብዙ ምጣድ ተንጠልጥሏል። ማታ ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ዘልሎ ይመጣል። በመርካቶ ሱቅ ጠዋት ያለ እንከን የበራ ቴሌቪዥን በሱሉልታ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንዲህ ያበራል ብሎ የሚምል ማን ነው?

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። መምህሮቻችን ያስታውሱታል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ተሰቅሎ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ጀመር። መሣሪያው መልካም ነበር። ነገር ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ትምህርቱ ቆሞ አይጠብቅም፤ መብራቱ ሲመለስ የፕላዝማው መምህር ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሶ ይገኛል፤ የክፍሉ መምህርም ጠመኔውን ይዞ ከየት ልጀምር ይላል። መሣሪያው በሚሠራበት ቦታ ሁኔታ ቀድሞ መታሰብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አንፈልግም።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንጨምር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ በግድግዳ የሚለጥፍ ነጋዴ ሁሉ ይህን ቢያነብ መልካም ነው። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ሱቅ የውጭ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደረሰኙን ይያዝ፤ ካርቶኑንም ልጆች መጫወቻ እንዲያደርጉት አይፍቀድ፤ 15ቱን ቀን «ዲሽ ሠሪው ሲመቸው» እያለ አያሳልፍ። ከጅዳ ወይም ከዋሽንግተን ለተገዛው ግን ይህ አዋጅ ባሕር ተሻግሮ አይደርስለትም። ለእርሱ የሚሻለው መድኃኒት ከመግዛት በፊት ነው፤ ላኪዋ ገንዘብ ሳትከፍል የጀርባውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥታ ትላክ፤ እዚህ ያለ የሚያውቅ ሰው አይቶ «ግዢ» ወይም «ተዪ» ይበላት። ዕቃውም ሲደርስ ካመጣው ሰው ፊት ካርቶኑ ይከፈት፤ መስተዋቱ ከተሰነጠቀ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ብዙም አያንስምና።

የሚያውቅ ሰው ያልነው ማን ነው? በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚማሩ፣ ማታ በሚኒባስ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ የሚመለሱ ጓደኞቻችን አሉ። ማኅበራችን እነርሱን በሦስት ቡድን ቢያደራጅ፣ ፋኩልቲውም ለየቡድኑ አንዳንድ ቴስተር በውሰት ቢሰጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሰፈሩ እየዞሩ የሶኬቱን ቮልት ቀንና ማታ ለክተው፣ ወረቀቱን አንብበው፣ ዲሹንና ሪሲቨሩን አስማምተው መስጠት ይችላሉ። ስታብላይዘር የሚያስፈልገውን ቤት ከማያስፈልገው ይለያሉ፤ ዛሬ ነጋዴው ለሁሉም ነው የሚሸጠው።

«ይህ የጠጋኞችን እንጀራ መንካት ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን ጥገና እናድርግ አላልንም፤ የምንለካው ሳይሰካ በፊት ነው፤ ብልሽት ያገኘን እንደሆነ ወደ እነርሱው እንልካለን። «ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ አገራዊ ጉዳይ የለውምን?» የሚልም አይጠፋም። አለው። ነገር ግን የቡራዩዋ እናት ለልጃቸው እውነቱን እንዲነግሩ ማድረግ ትንሽ ጉዳይ ነው ብለን አናምንም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቴስተርና አራት ቅዳሜ ይበቃል። በሦስቱ ከተሞች የምትኖሩ ጓደኞች ስማችሁንና የምትኖሩበትን ሰፈር ጽፋችሁ ለማኅበሩ ጸሓፊ አስረክቡ፤ ቴስተር የማዋሱን ነገር ደግሞ ለፋኩልቲው መምህሮቻችን እናቀርባለን።