የነዳጅ ማስጠንቀቂያ መብራትና የምርመራ ቅደም ተከተል

በከባድ የዲዝል ተሽከርካሪ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ የነዳጅ ሥርዓት ማስጠንቀቂያ መብራት በብዙ ጋራዦች እንደ ፍርድ ይቆጠራል። የመመርመሪያው መሣሪያ ተሰክቶ ፒ 0087 የሚለው ኮድ ከወጣ ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው ፓምፕ ወይም ኢንጀክተሮቹ ይለወጣሉ፤ ኮዱ ይሰረዛል፤ መኪናው ይሸኛል። ከቀናት በኋላ ዳገት ላይ መብራቱ እንደገና ይበራል። ችግሩ ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ የቅደም ተከተል ስሕተት ነው።

ኮዱ የሚያመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬይል በሚባለው የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት የሞተሩ ኮምፒዩተር ካዘዘው በታች መሆኑን። ምክንያቱን አይገልጽም። ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር የሚፈለገው ግፊት 300 ባር አካባቢ ሲሆን፣ በጭነት ዳገት ሲወጣ ግን ከ1600 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም በከፊል የተደፈነ ማጣሪያ በጋራዡ ግቢ ውስጥ ጤነኛ መስሎ ይታያል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚወጣ ባለ ተሳቢ ግን ጉድለቱን መንገድ ላይ ያወጣዋል።

ምርመራው መጀመር ያለበት ከርካሹ ወገን ነው። ናፍጣው በመስተዋት ዕቃ ተቀድቶ ሲረጋ ውሃ ካለው ከሥር ይጠልላል፤ ማደያ ሲደርቅ ከበርሜልና ከጀሪካን ለሚቀዳ አሽከርካሪ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ የታንኩ መተንፈሻ ይታያል፤ ክዳኑ ሲላላ ሞተሩ ጉልበት ካገኘ መልሱ በነጻ ተገኝቷል። በመምጠጫው መስመር ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ሲገጠም የሚገባው አየር በአረፋ ይታያል። የዚህ መስመር ቀዳዳ አየር ይስባል እንጂ ሁልጊዜ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የኢንጀክተሮቹ ተመላሽ ናፍጣ በእኩል ጊዜ በየጠርሙሱ ይጠራቀማል፤ ከሌሎቹ እጅግ አብልጦ የሚመልሰው ተጠርጣሪ ነው። የግፊት ዳሳሹም 5 ቮልት የሚደርሰው መሆኑ በመለኪያ ይረጋገጣል። በአሮጌ ሞተሮች እንደተለመደው የከፍተኛ ግፊት ቧንቧን ብሎን ሞተሩ እየዞረ ማላላት ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እጅም ያሳጣል።

በእርግጥ ፓምፑ ራሱ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜም ከውስጡ የተፋቀው ብረት በመስመሩ ተሰራጭቶ ሊሆን ስለሚችል ፓምፑን ብቻ ለውጦ ታንኩንና ቧንቧዎቹን ሳያጥቡ መተው አዲሱን ዕቃ ለተመሳሳይ ጥፋት መዳረግ ነው።

ጋራዦች "መኪናው ሥራ ፈቶ መቆም አይችልም" የሚል መከራከሪያ ያቀርባሉ። በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ኢንጀክተር ሲጠበቅ የሚቆመው ጊዜ ግን ከምርመራው ይረዝማል። እውነተኛው መሰናክል የክፍያው ሥርዓት ይመስላል፤ ባለንብረቱ ለተለወጠ ዕቃ ሳያቅማማ ይከፍላል፤ ዕቃ ሳይለወጥ ለተገኘ ምክንያት ግን ለመክፈል ይከብደዋል። ጋራዦች የምርመራን ዋጋ ከዕቃው ለይተው በደረሰኝ ላይ ካላሰፈሩ፣ የተለካውንም ቁጥር ለባለንብረቱ በጽሑፍ ካልሰጡ፣ በብድር መኪና የገዛ ሰው ለአንድ የተደፈነ መተንፈሻ የፓምፕ ዋጋ መክፈሉን ይቀጥላል።