ኪስ ሲጎድል ዝም አንበል

ለሕክምና መጥቶ «ገንዘብ አጣሁ» የሚለኝ ሰው የለም። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ጨጓራዬ ነው ይላሉ እንጂ። ምርመራው ደህና ሲሆን «ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እውነተኛው ወሬ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ የወሰደውን ዕቁብ መክፈል አቅቶታል፣ ዕድር መሄድ ካቆመ ሰንብቷል።

ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣ አይደለም። የኢኮኖሚ ችግር ግን የራሱ ድርሻ አለው። የእስያን የገንዘብ ቀውስ ተከትሎ በጃፓን ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ከነበረበት 24 ሺህ ገደማ፣ በ1998 ወደ 33 ሺህ ገደማ አሻቀበ። በብዛት የተጎዱት በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ነበሩ። ጃፓን ደግሞ ድሃ አገር አይደለችም። ሰውን የሚሰብረው ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ድንገት መውደቁ፣ ዕዳውና ዕፍረቱ ጭምር ነው።

ይህ ግን የማይቀር ዕጣ አይደለም። ጃፓን በ2006 የመከላከያ ሕግ ካወጣች በኋላ በ2012 ቁጥሩ ከ30 ሺህ በታች ወርዷል። በኢንዶኔዥያም ለድሃ ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ራስን ማጥፋትን በ18 በመቶ መቀነሱ በጥናት ታይቷል።

እኛ ዘንድ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ለብዙ ነገር ይጠቅም ይሆናል፤ ለዕዳ ግን አይበጅም። ዘመድዎ ወይም ጎረቤትዎ ሥራ ካጣ በኋላ ከሰው ከራቀ፣ መጠጥ ካበዛ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ከጀመረ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅዎ ሐሳቡን አይጭርበትም፤ እንዲያውም ብዙዎች መጠየቃቸው ያቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ አይቆጡት፣ «ኃጢአት ነው» ብለው አይገሥጹት። ብቻውን አይተዉት፤ ሊጎዳው የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፤ ሳያሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። ድብርት ታክሞ የሚሻል ሕመም ነው።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ዛሬውኑ ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ። ዕዳው ስንት ብር እንደሆነም አይደብቁ፤ የተነገረ ዕዳ የክፍያ ጊዜ ሊጠየቅበት ይችላል።

የዕቁብ ዳኞችና ሰብሳቢዎችንም አንድ ነገር ልለምን። መክፈል ያቃተውን ሰው በአባላት ፊት ስሙን አትጥሩ። ለብቻው ጠርታችሁ አነጋግሩት።