ልግዛለት ወይስ ልተወው?



ባለፈው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ ሦስት ወላጆች በየተራ ጠጋ ብለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ስለ ፊደል ሊሆን ነው ብዬ ስዘጋጅ፣ ለካ ስለ ጌም ነው። «ቲቸር፣ ይሄ አዲሱ ስዊች 2 የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ልግዛለት ወይስ ልተወው?»

እኔ የጌም ባለሙያ አይደለሁም። ግን የአሥር ዓመት ልጅ ያለው ወንድም አለኝ፤ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ልጁ ጫማዬን ሳላወልቅ መቆጣጠሪያውን እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። ስለዚህ የማውቀውን ላካፍላችሁ፤ ውሳኔው ግን የእናንተው ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ስዊች 2 የጃፓኑ ኒንቴንዶ የሠራው፣ በእጅ ይዘውትም ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተውም የሚጫወቱበት የጌም ማሽን ነው። ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ሲሆን አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ዋጋው 449.99 ዶላር ነበር። በ2017 ከወጣው ከመጀመሪያው ስዊች ጋር ስናስተያየው ስክሪኑ ከ6.2 ወደ 7.9 ኢንች አድጓል፤ ምስሉም ይበልጥ የጠራ ነው። ውስጡ ያለው የጌም ማስቀመጫ ድሮ 32 ጊጋባይት ነበር፤ አሁን 256 ሆኗል። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች፣ ጆይኮን የሚባሉት፣ በማግኔት ቀጭ ብለው ይያያዛሉ። ጠረጴዛ ላይ አጋድመው እንደ ኮምፒውተር ማውስ ሊያንሸራትቷቸውም ይችላሉ። ባትሪው እንደ ጌሙ ዓይነት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቆያል። ረጅም የመኪና መንገድ ካለባችሁ ቻርጀር መያዝ ነው።

ኪስ የሚነካው

ዋጋው በማሽኑ ብቻ አያበቃም። ለምሳሌ ማሪዮ ካርት ወርልድ የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ብቻውን ሲገዛ 79.99 ዶላር ነው የወጣው። ደስ የሚለው፣ የድሮው ስዊች ጌሞች አብዛኞቹ በአዲሱም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ቤት ያሉትን ለመሸጥ አትቸኩሉ። ተጨማሪ ማስቀመጫ ስትገዙ ደግሞ ካርዱ ላይ «ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ» የሚል መኖሩን እዩ። ተራው ማይክሮ ኤስዲ፣ ርካሽ ቢሆንም፣ ለዚህ ማሽን ጌም ማስቀመጫ አይሆንም። ሌላው፣ አንዳንድ ጌሞች «ጌም ኪ ካርድ» በሚባል መልክ ይሸጣሉ። ካርዱ ውስጥ ያለው ቁልፉ ብቻ ነው፤ ጌሙ ራሱ በኢንተርኔት መውረድ አለበት። ኢንተርኔት ወደሌለበት ለእረፍት የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ አውርዱት።

ሲ የምትለዋ ቁልፍ

ወላጅ በደንብ ሊያውቃት የሚገባው ይህችን ነው። በቀኙ መቆጣጠሪያ ላይ «ሲ» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ሲጫኑ ጌምቻት ይከፈታል፤ ልጁ እየተጫወተ እስከ 12 ሰው ሆነው በድምፅ ማውራት ይችላሉ። ማይክሮፎኑ ማሽኑ ውስጥ ነው። ካሜራ ግን የለውም፤ ለብቻ ተገዝቶ ነው የሚሰካው። አገልግሎቱ ከማርች 31 ቀን 2026 በኋላ የኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን አባልነት ክፍያ ይጠይቃል።

ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጌምቻት የሚከፈተው ወላጅ ሲፈቅድ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚያወራም የምታጸድቁት እናንተ ናችሁ። ይህ የሚሆነው ግን የልጁን አካውንት በትክክለኛ ዕድሜው ከከፈታችሁለት ነው። «ቶሎ ይለቅ» ብላችሁ በራሳችሁ ዕድሜ እንዳትከፍቱት። ከዚያ የኒንቴንዶን የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ነፃ ነው። የቀኑን የጨዋታ ሰዓት ትወስኑበታላችሁ፤ የትኛውን ጌም ስንት ሰዓት እንደተጫወተም ያሳያችኋል። ሰዓቱ ሲሞላ ማስታወሻ ብቻ እንዲሰጥ ወይም ጌሙን እንዲያቆመው መምረጥ ትችላላችሁ።

የእኛ ጉዳይ

አሁን ወደ አማርኛችን ልምጣ። ማሽኑ በብዙ ቋንቋ ይሠራል፤ አማርኛ ግን የለበትም። ልጁ የሚያነበውም፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራውም በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ጋ ያለው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ከጠየቁኝ እናቶች አንዷ ያሉኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ከክፍሉ ሲስቅ እሰማዋለሁ፤ ምን እንዳሳቀው ግን አላውቅም።»

የወንድሜ ልጅም በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። ጌም ሲያስተምረኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ደጋግሜ ገደል ስለምገባ ቶሎ ቶሎ ማስረዳት አለበት። አንድ ቀን «ብሬክ! ብሬክ!» ብሎ ሲጮህ «ፍሬን በል፤ ካለዚያ አልይዝም» አልኩት። ሳቀ። በሚቀጥለው እሁድ ገና ከመጀመራችን «አክስቴ፣ ፍሬን ያዢ!» አለኝ። ከዚያ «ቅደሚው»፣ «ተጠንቀቂ»፣ «አሁን ተራዬ ነው» ተከተሉ። ጌሙ አማርኛ አላስተማረውም። ያስተማረው እሱ የሚያውቀውን ነገር ለማታውቅ አክስቱ ማስረዳቱ ነው።

ስለዚህ ከገዛችሁ፣ አብሮት የሚመጣው መቆጣጠሪያ ሁለት መሆኑን አስታውሱ። በብዙ ጌሞች አንዱን እሱ፣ አንዱን እናንተ ይዛችሁ ሌላ ሳትገዙ አብራችሁ መጫወት ትችላላችሁ። መሸነፋችሁ አይቀርም፤ ምንም አይደለም። ልጅ በወላጁ ላይ የሚበልጥበትን ነገር ሲያገኝ አፉ ይፈታል።

ካልገዛችሁም ነውር የለውም። «አሁን አቅም የለንም» ማለትን ልጅ ይረዳል። ክፍል ውስጥ ቁጥር እየተማርን ስለሆነ፣ 450 ዶላር የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ አብራችሁ በአማርኛ አስሉት። ያንን ሒሳብ ከማንኛውም መልመጃዬ በላይ ያስታውሰዋል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ (ለወላጆች!)

ልጃችሁ የሚወደውን አንድ ጨዋታ፣ በስልክም ይሁን በገበጣ፣ ለ20 ደቂቃ በአማርኛ ያስተምራችሁ። በመሀል አማርኛው የጠፋበትን አምስት ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ቅዳሜ ላኩልኝ። ክፍል ውስጥ አብረን እንፈልገዋለን።

ቸር ይግጠመን።

የሦስተኛ ክፍል መምህርታችሁ